ጭነቱን ፍቱት ያልን ዕለት

እንጀራዬ የሰው ፍርሃት ነው። መርካቶ ውስጥ ብረታ ብረት ከሚሸጥባቸው መደዳዎች በአንዱ፣ ሁለት ሰው የማይተላለፍባት ሱቅ አለችኝ። ጓጉንቸር፣ መቀርቀሪያ፣ ሰንሰለትና የበር ማጠፊያ እነግድባታለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ ጓጉንቸር የቀናው ዕቃ የለም። አንዱ ለበሩ ይገዛል፤ በሳምንቱ ጎረቤቱ ይመጣና ከዚያኛው ወፈር ያለ ካለ ስጠኝ ይለኛል። ለውሃ ታንከር፣ ለከሰል ሳጥን፣ ለዶሮ ቤት ቁልፍ የገዛ ሰው አለ። አንዲት ደንበኛዬማ ማቀዝቀዣዋን ከግድግዳ ጋር የምታስርበት ሰንሰለት ጠይቃኝ ስቄባታለሁ። እኔ ራሴ ቤቴን በሦስት ቁልፍ ነው የምዘጋው፤ ሦስተኛው ምን እንደሚጨምርልኝ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ሰፈራችን ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው በኩል ነው። አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ዐሥራ አንድ አባወራ ያለበት ግቢ ነው። እዚያው ተወልጄ እዚያው ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። የግቢው ሰው አባት ሁሉ ከአውቶቡስ የወረደ ነው። የእኔ አባት ከጉራጌ አገር አንድ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ መጥቶ ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ተሸክሟል። የእድራችን ሊቀመንበር አባት ከጎጃም ሲመጡ ማደሪያ አጥተው በረንዳ ላይ እንዳደሩ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ነግረውናል፤ እንደ ጀብዱ አድርገው ነው የሚያወሩት። ታዲያ ስለ መጤ ስናወራ ብትሰሙን አባቶቻችን ከመርካቶ አፈር የበቀሉ ይመስላችሁ ነበር።

ፍርሃታችን ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሰፈሬን እበድላለሁ። የውሃ ቆጣሪያችን ተነቅሎ ሄዷል። የሊቀመንበሩ ልጅ ታክሲ ተሰልፋ ሳለች ስልኳን ከጆሮዋ ላይ መንትፈዋታል። ልብስ ከገመድ፣ ጫማ ከደጃፍ፣ አንድ ትልቅ ምንጣፍ ደግሞ ታጥቦ ከተሰጣበት አጥር ላይ ጠፍቷል። ለፖሊስ ስናመለክት "መዝግበናል" እንባላለን፤ የተመዘገበ ዕቃ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ አላየንም። "እንዴት አደራችሁ" መባሉ ቀርቶ "ዛሬስ ማን ተሰረቀ?" ሆነ ሰላምታችን።

የባሰው የእናቴ ነው። አምና በጠራራ ፀሐይ ከተክለ ሃይማኖት ስትመለስ አንዱ ከኋላዋ መጥቶ የአንገቷን መስቀል ከነሐብሉ በጥሶ ሮጠ። ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰነጠቀ። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት፣ ቅዳሴ ቀርታ የማታውቅ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፏን አልወጣችም። አጥንቷ ገጥሟል፤ ሐኪሙም በከዘራ እየተደገፍሽ ሂጂ ብሏታል። እሷ ናት እምቢ ያለችው። ያንን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው እስከ ዛሬ አስባለሁ። ፊቱን ስለማላውቀው ግን ንዴቴ አድራሻ አጣ። አድራሻ ያጣ ንዴት ደግሞ ክፍት ያገኘው ቤት ይገባል።

ጦርነቱ ከሰሜን ያፈናቀላቸው ሰዎች በየሰፈራችን መከራየት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነበር። በእኛ ግቢ ከኋላ ያለችውን፣ ዱሮ የከሰል ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል አንድ ከወሎ የመጣ ሰው ከነፍሰ ጡር ሚስቱና ከእናቱ ጋር ተከራያት። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በአውቶቡስ ተራና በገበያው መሐል ዕቃ ይሸከማል፤ ልክ እንደ አባቴ። እናቱ ታማሚ ስለነበረች ጠዋት ጠዋት በርጩማ ይዛ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ያለፈውን ሁሉ ሰላም ትላለች፣ ያውም እንደ አገሯ፣ ከብቱን ልጁን ሁሉ እየጠየቀች። እኛ "እግዜር ይመስገን" ብለን እንሮጥ ነበር። ከብት የለን፣ ጊዜ የለን።

ሰውየው ያጠፋው ምንም አልነበረም። ጥፋቱ አለመታወቁ ነው። ሊቀመንበሩ "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" ይሉ ነበር፤ እኛም ጠቢብ እንደተናገረ ሰው ራሳችንን እንነቀንቃለን። እሱ ቧንቧ ጋ ሲቆም ባልዲዎች ይቆጠራሉ። ሚስቱ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ቦታ ብትጠይቅ አንዷ "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ብላ ተረተችባት። ልጅቷ ሰምታለች። እኛ ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እነዚህ አዲስ የመጡት የሚከራዩዋቸው ክፍሎች የሌባ ዕቃ ማስቀመጫ ናቸው የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ያየ የለም፤ ያላመነም የለም።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው፤ ሌላ ችሎታ ኖሮኝ አይደለም። በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ አዲስ መጪ እድር የሚገባው፣ ድንኳንና ወንበርም የሚከራየው፣ አምስት ዓመት የቆየ አባል ዋስ ሲሆነው ነው። ሁለተኛ፣ አባወራዎች በየተራ ቀን ቀን ፊሽካ ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚገባም የሚወጣም ዕቃ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። አንድም ሰው አልተቃወመም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ዕለት ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ ነበር።

በሳምንቱ ሰውየው ሱቄ ድረስ መጣ። ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዞ ጠበቀ።

"ጋሼ፣ እናቴ ደክማብኛለች" አለኝ። "አገሬ ቢሆን ሰው ሞልቶኝ ነበር። እዚህ አንድ ነገር ብትሆን ድንኳን የሚተክልልኝ የለም። ዋስ ይሁኑኝ፤ አላሳፍርዎትም።"

አስብበታለሁ አልኩት። አማርኛ ውስጥ እንደዚህ ቃል ያለ የፈሪ መሸሸጊያ የለም። ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሊቀመንበሩን ላማክር አልኩት፤ አላማከርኩም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከሩቅ አየሁትና ብሎን የጠፋኝ መስዬ ከባንኮኒው ሥር አጎነበስኩ። ሱቄ ትንሽ ናት አላልኳችሁም? ጀርባዬ ሙሉ በሙሉ ይታይ ነበር። ሰውየው ትንሽ ቆመና ለጀርባዬ "ደህና ይዋሉ ጋሼ" ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ምን ፈርቼ ነው? ድንኳኑን ይዞ እንዳይጠፋ? ስድስት ቦታ የተጣፈ፣ ዝናብ የሚያስገባ ድንኳን ነው፤ በነጻ ብንሰጠው የሚወስድ አይገኝም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ጠዋት በር ላይ ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ጃንጥላ ይዤ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ካፊያ ነበር። በግምት ሦስት ሰዓት ላይ አራት ተሸካሚዎች ከላይ በኩል ወደ ግቢው በር ሲመጡ አየሁ። ትከሻቸው ላይ ረዘም ያለ ነገር ይዘዋል፤ ከሥሩ ጣውላ አለ፣ ላዩ በላስቲክ ተሸፍኖ በሸክም ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። የተጠቀለለ ምንጣፍ ያህላል።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ሸክም ይዞ ዝም የሚል ተሸካሚ የለም። "መንገድ! መንገድ!" እያለ፣ እየተሳደበም እየቀለደም ነው የሚያልፈው። ድምፁ ነው መንገዱን የሚከፍትለት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንኳ ሸክም እየመጣ መሆኑን በጆሯችሁ ታውቃላችሁ። እነዚህ አራቱ ግን ትንፍሽ አላሉም። መሬት መሬት እያዩ፣ እግራቸውን እየለኩ፣ ሰው በራሱ ጊዜ እስኪዞርላቸው እየጠበቁ መጡ። ሰው ሸክሙን የሚደብቀው ሲሰርቅ ነው አልኩ በልቤ።

ከፊት ያለውን አወቅሁት። ያ ዋስ ሁነኝ ያለኝ ሰው ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ሳውቀው ደስ አለኝ። ሰውየውን ሦስት ጊዜ በመሸሼ ሲወቅሰኝ የከረመው ልቤ እፎይ አለ። አላልኩም? ልክ ነበርኩ አልኩ። ፊሽካውን ነፋሁት።

በአንዴ ሰው ወጣ። ሊቀመንበሩ በካፖርታቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው፣ ምንጣፍ የጠፋባት ጎረቤታችን ከሁሉም ፊት። በሩ ላይ ቆመን መንገዱን ዘጋንባቸው። ሊቀመንበሩ ምን እንደያዙ ጠየቁ። ሰውየው አንገቱን እንደደፋ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ መለሰ።

"ጌታዬ፣ እባክዎ መጀመሪያ ቤት እንግባ። እዚያ እነግርዎታለሁ።"

ለምን እዚህ አትናገርም ተባለ። ዓይኑን ወደ ውስጥ፣ ወደ ክፍሉ አቅጣጫ ወርወር አድርጎ "ቤት እንግባና" ብቻ አለ። ከኋላ ከቆሙት አንዱ አፉን ሊከፍት ሲል በእጁ ከለከለው። ይህን ሁላችንም አየን፤ ሁላችንም ሌባ ሲንሾካሾክ ያየን መሰለን። ምንጣፉ ነው፣ የእኔ ነው፣ ርዝመቱ ይኸው ነው ማለት ጀመረች ጎረቤታችን። ሰው እየተሰበሰበ ሄደ። አንዱ "ሌባ" አለ። መርካቶ ውስጥ ይህ ቃል ከተባለ በኋላ ድንጋይ ለመነሣት ጥቂት ነው የሚቀረው።

እኔ በሩ መሐል ቆሜ ነበር።

"ፍቱት" አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አራቱም ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ጣውላውን እርጥቡ መሬት ላይ አኖሩት፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ ዕቃ የሚያወርድ ተሸካሚ አይቼ አላውቅም፣ ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። ሰውየው ተንበርክኮ ቋጠሮውን ራሱ ፈታ። ላስቲኩን ገለጠው። ከሥሩ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ነጠላ ነበር። ነጠላውን የገለጠው እስከ አገጯ ድረስ ብቻ ነው። አገጯ በጨርቅ ታስሯል። ያለፈውን ሁሉ ከብቱን ልጁን እያለች ሰላም የምትለው ሴት ነበረች።

ካፊያው ፊቷ ላይ ያርፍ ነበር። ሰውየው በእጁ ሊከልልላት ሞከረ። የዚያን ጊዜ ከውስጥ ሚስቱ ጮኸች፤ ለካ የሰውን ጫጫታ ሰምታ ወጥታ ከኋላችን ቆማለች።

በኋላ ከጓደኞቹ አንዱ እንደነገረን፣ ጎህ ሲቀድ ትንፋሽ ሲያጥራት ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ተራ ሳይደርሳት አለፈች። ሬሳ የሚጭን ታክሲ አጡ። ጣውላ ለምነው፣ ዝናብ እንዳይነካት ላስቲክ አልብሰው፣ እንዳትንሸራተት በገመዳቸው አስረው አመጧት። ሚስቱ እርጉዝ ስለሆነች በድንገት እንዳትሰማ፣ ቤት ገብቶ ቁጭ አድርጎ እስኪነግራት ድረስ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ የለመናቸው እሱ ነበር። ዝምታቸው ይኼ ነበር። እርግጥ ነው፣ ዋስ ብሆነው ኖሮ ጡሩምባ ነፊያችን ወጥቶ፣ መኪናም ተፈልጎ፣ ሚስቱም በወጉ በሽማግሌ መርዶ ይነገራት ነበር። እድር ለዚህ ነው የተሠራው።

ከሰዉ አፍ የወጣችውን የመጀመሪያ ቃል መቼም አልረሳትም። ሊቀመንበሩ ናቸው የተናገሯት፤ "ታዲያ አፍ የለውም እንዴ? አይናገርም?" አሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይህች ቃል ሰፈሩን አዳርሳዋለች። አይናገርም እንዴ! እያንዳንዱ ሰው ይህችን ቃል እንደ እኔ ጓጉንቸር ሕሊናው በር ላይ አንጠለጠላት። እናቱን መሬት ላይ አስጥለን፣ በገዛ እጁ አስፈትተን፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ሆነ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

ከዚያማ ደግ ሆንን። ጡሩምባ ነፊው ሮጠ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ያለ ዋስም ያለ ኪራይም ይውጣ አሉ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝና ከሁለት ሰው ጋር ተሸክሜ አመጣሁት። ሰውየው ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ድንኳኑን አየው፤ እኔን አየኝ። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ።

"ይቅር ጋሼ" አለ። "ዋስ አላገኘሁም።"

ያንኑ ላስቲክ ከግድግዳ ወደ አጥር ወጥረው ከሥሩ ተቀመጡ። ከቀብር ሲመለሱ ተሸካሚ ጓደኞቹ ሃያ የሚሆኑ መጡ፤ ገመዳቸውን ጥግ ላይ ከምረው፣ ከፊሉ በላስቲኩ ሥር፣ ከፊሉ በዝናቡ ተቀመጡ። የግቢው ሰውም አንድ በአንድ እየመጣ፣ ለቅሶ ደርሻለሁ እንዲባል ያህል ጠርዝ ጠርዙን ያዘ። አንዳንዱ ቤቱን ቆልፎ ነው የመጣው፤ ሃያ የማያውቀው ሰው ግቢ ገብቷላ! የጓጉንቸሮቹን ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ፤ የሸጥኳቸው እኔ ነኝ።

እናቴ መጣች። ዓመት ሙሉ ደጃፏን ያልወጣችው እናቴ ከዘራዋን ይዛ፣ የማንንም ክንድ ሳትቀበል፣ በጭቃው ላይ እግሯን እየጎተተች መጥታ ከሰውየው ሚስት አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ያዘቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኛን ወንዶቹን አየችን።

"ፍቱት ያለው ማነው?" አለች።

ሁሉም ሰምቷታል። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንጣፍ የጠፋባት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። እኔም የጫማዬን ጭቃ አየሁ። እናቴ ትንሽ ጠበቀች፤ መልስ ስታጣ ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰች።

አርባዋ ሳይወጣ ለቀው ሄዱ። የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም፤ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተሸካሚዎቹን ጠይቄ ነበር፣ ቢያውቁም አልነገሩኝም። አልፈርድባቸውም። ሲሄዱ ዕቃቸውን የጠየቀ ተረኛ አልነበረም፤ አንዲት ማዳበሪያና ያች በርጩማ ነበሩ።

በወሩ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤ አጻፉኝ። "በተፈጠረው አለመግባባት እድሩ የተሰማውን ኀዘን ይገልጻል" በል አሉኝ። አለመግባባት! እኛ ያልተግባባነው ከማን ጋር ነው? እሱ ቤት እንግባ አለ፤ እኛ ፍታ አልነው፤ ፈታ። ከዚህ በላይ መግባባት ምን አለ? ደሜ ፈላ። ያሉትን ጻፍኩና ከሥሩ "ጭነቱ ይፈታ ብሎ ያዘዘው የእድሩ ጸሐፊ ነው" ብዬ ጨመርኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እስክሪብቶዬን ተቀብለውኝ ሰረዙት።

"ይኼ አሁን ለማን ይጠቅማል?" አሉ። "ሰውየው እንደሆን ሄዷል።"

የቀሩትም እውነት ነው አሉ። የዋሱ ደንብ አልተነሣም። የተጨመረ ነገር ግን አለ፤ ከእንግዲህ ጭነት የሚፈተሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ከበር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ለገጽታችን ሲባል። እሱንም ጻፍኩት። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ።

ከስብሰባው ወጥቼ በቀጥታ እናቴ ጋ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊቷ ቆምኩ።

"እማዬ፣ ያን ዕለት ፍቱት ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ቀና አላለችም። አንዲት ጠጠር አወጣችና ጎን አስቀመጠች።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ድምፅህን እዚሁ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። የጠየቅኩህ ልጁ ፊትህ ተቀምጦ ሳለ እንድትነግረው ነበር። አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"